ስታርዲው ቫሊ በጠረጴዛ ላይ፦ የሚያሸንፈን ዕድል ነው ወይስ ጊዜ?

ሰሌዳ_ሐዋሳ

የስታርዲው ቫሊ ቦርድ ጌም ሳጥን ሐዋሳ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ከጀመረ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቪዲዮ ጌሙን እወደዋለሁ፤ ቦርድ ጌሙም እንደዚያው ነው?» አይደለም። ቪዲዮ ጌሙ አያጣድፍም። ቦርድ ጌሙ ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሮ ያጣድፋል። ይህን ሳያውቅ የተቀመጠ ሰው አኩርፎ ይነሳል።

ለማያውቁት ባጭሩ። ስታርዲው ቫሊን፣ የእርሻና የመንደር ኑሮ ቪዲዮ ጌሙን፣ ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ሥዕሉም ሙዚቃውም የራሱ ነው። ቦርድ ጌሙን ከኮል ሜዴይሮስ ጋር አዘጋጅቶ በ2021 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። ከ1 እስከ 4 ሰው ይጫወተዋል፤ ዕድሜው ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ጊዜው በአንድ ተጫዋች 45 ደቂቃ ገደማ ይያዛል። አራት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፣ ሕግ ማስረዳቱ ሳይጨመር።

ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይወዳደሩም። ሁሉም አንድ ላይ ያሸንፋል፣ አለበለዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይሸነፋል። ዓመቱ ሳያልቅ ሁለት ነገር መሟላት አለበት፦ በዕጣ የሚወጡት 4 የአያት ግቦች (እርሻውን ያወረሰው አያት የሰጣቸው ዓላማዎች) እና የመንደሩ የማኅበረሰብ ማዕከል 6 ክፍሎች። ከስድስቱ አምስቱን መጨረስ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ክፍል የሚጠይቀው ጥቅል (መሰጠት ያለባቸው ዕቃዎች ዝርዝር) ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ለመግለጥ ልብ ይከፈላል፤ ልብ ደግሞ በዋናነት የሚገኘው ለመንደሩ ሰዎች ስጦታ በመስጠት ነው። ገንዘቡና ልቡ የጋራ ነው። ዕቃው ግን የየግል ነው፤ ለመሰጣጣት አንድ ቦታ መገናኘት ያስፈልጋል።

አንድ ተራ እንዲህ ይሄዳል። የወቅት ካርድ ይገለጣል፤ ካርዱ ላይ ያሉት ምልክቶች ይፈጸማሉ። ዝናብ ሰብል ያጠጣል፣ ቁራ ሰብል ይበላል፣ ጆጃ የሚባለው ኩባንያ የሆነ ቦታ ላይ ካርቶኑን ይደቅናል። ከዚያ ሁሉም መክሮ ማን ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሥራ አለው፦ ሁለቱንም አንድ ቦታ ላይ መሥራት ይችላል፣ ወይም አንዱን ሠርቶ ወደ አጎራባች ቦታ ተሻግሮ ሌላውን ይሠራል። የተሻገረ ሰው መንገዱ ላይ ያለውን የጫካ ለቀማ ያነሳል። ይህ በነፃ የሚገኝ ዕቃ ነው፤ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚውል ቡድን አያገኘውም።

የሚያስመሰግነው ታማኝነቱ ነው። እርሻው፣ ማዕድን ጉድጓዱ፣ ወንዙ፣ ሐይቁና ባሕሩ፣ ዶሮና ከብቱ፣ ሙዚየሙ፣ የፒየር ሱቅ፣ የክሊንት አንጥረኛ ቤት ሁሉም ቦታቸው ላይ አሉ። የሚያስወቅሰው ብዛቱ ነው፤ ጥቃቅን ካርቶኑና የካርድ ክምሩ ብዙ ነው፣ ማዘጋጀቱ ይሰለቻል፣ ተራ ጠረጴዛም አይበቃውም። ለሁለት ሰው ከ10 8 እሰጠዋለሁ፤ ለአራት 6 ተኩል።

አሁን ወደ ክርክሩ። የተሸነፈ ቡድን ሁሉ «ዳይሱ ነው የጣለን» ይላል። ቡድኖች የሚሸነፉት ጥቅሎቹን ዘግይተው ስለሚገልጡ ነው ባይ ነኝ። የሚቃወም ይምጣ።


ጥቁር_ውሃ

እቃወማለሁ። ዓሣው በዳይስ፣ ማዕድኑ በዳይስ፣ የወቅቱ ካርድ በብወዛ። የምትፈልገው ዓሣ ከከረጢቱ ካልወጣ ምክክሩ ምን ይፈይዳል? ዓሣ ላይ እንኳ ሦስት ዳይስ ሲጣል ዓሣው የሚጠይቀውን አንድ ምልክት የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሦስት ጊዜ አንድ ስድስተኛ። በግማሽ ዕድል ላይ የቆመ ነገር እቅድ አይባልም።


ቁጥር_ሰው

ግማሽ አይደለም፤ ከግማሽ በታች ነው። አንድ ስድስተኛን ሦስት ጊዜ መደመር አይቻልም፤ በዚህ ስሌት ስድስት ዳይስ ብትጥል 100 በመቶ ሊሆን ነው። አለመውጣቱን ነው ማስላት። አንዱ ዳይስ ምልክቱን የማያሳየው በ5/6 ነው፤ ሦስቱም የማያሳዩት 125/216። ስለዚህ የመውጣቱ ዕድል 91/216 ነው፣ 42 በመቶ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ግን ስህተት ነው፤ ሰው አንዴ ብቻ አይጥልምና። አንድ የተወሰነ ምልክት ብቻ የሚጠይቅ ዓሣ ሲሆን በሁለት ሙከራ 66 ተኩል በመቶ ይደርሳል፣ በሦስት ሙከራ 81። አንድ ሰው ሁለት ሥራ ስላለው ሙሉ ተራውን ለዓሣ ቢሰጥ ከሦስት ሁለት ጊዜ ይሳካለታል።

ሁለት የተለያዩ ምልክቶች የሚጠይቅ ዓሣ ሌላ ዓለም ነው። በአንድ ሙከራ 30/216፣ ማለትም 14 በመቶ። አራት ጊዜ ጥለህ እንኳ 45 በመቶ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ምልክት ከሆነ 16/216፣ 7 በመቶ ብቻ። አራት ሰው በአንድ ተራ ያለው ጠቅላላ ሥራ 8 ነው። ግማሹን ለአንድ ዓሣ ሰጥቶ ከግማሽ በታች ዕድል መግዛት ማለት ይህ ነው።

ታዲያ የሁለታችሁም ክርክር አንድ ቦታ ይገናኛል። ዳይሱ ራሱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሙከራው ብዛት ነው። ጥቅሉን በመጀመሪያው ወቅት ያወቀ ቡድን ለዚያ ዓሣ በሦስት ወቅት ላይ የተበተኑ ሙከራዎች አሉት። በመጨረሻው ወቅት ያወቀ አራት ብቻ ይቀሩታል፣ ሲሸነፍም ዳይሱን ይረግማል።


ጥቁር_ውሃ

ስሌቱን ተቀብያለሁ። ነገር ግን የማዕድን ጉድጓዱስ? እዚያ ዳይሱ የሚያሳየው ረድፍና ዓምድ ነው፤ የሚገናኙበት ሕዋስ ላይ ያለውን ትወስዳለህ። መዳብ ፈልገህ ገብተህ ጭራቅ ይዘህ ትወጣለህ።


ቁጥር_ሰው

አንድ ማዕድን ብቻ ፈልጎ የሚገባ ሰው ይከስራል። የደረጃውን ካርታ አይተህ የሚጠቅሙህን ሕዋሶች ቁጠር፤ ማዕድኑን፣ ድንጋዩን፣ ወደ ታች የሚያወርደውን ሁሉ። ከግማሽ በላይ ሕዋስ የሚጠቅምህ ከሆነ ግባ። የሚጠቅምህ አንድ ወይም ሁለት ሕዋስ ብቻ ከሆነ ወደ ሌላ ደረጃ እስክትወርድ ማዕድኑን ግብህ አታድርገው። በቪዲዮ ጌሙ ጉድጓዱ 120 ወለል አለው፤ በየ5 ወለሉ አሳንሰር ስለሚቆም እየተመላለስክ ትወርዳለህ። እዚህ ወለሎቹ በጣም ተጨምቀዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ ውድ ነው።


ሰሌዳ_ሐዋሳ

ቁጥር_ሰው ያለውን ወደ ሥራ ልለውጠው። አራት ሰው ሆናችሁ መጀመሪያው ወቅት ላይ የሚከተለውን ብታደርጉ ብዙ አትሳሳቱም።

በመጀመሪያው ተራ ገበሬው ዘር ገዝቶ ይዘራል፤ ይህ የሚያከራክር አይደለም፣ ሰብል ጊዜ ይፈልጋል። ለቃሚው ሁለት ቦታ እየተሻገረ መንገድ ላይ ያለውን ያነሳል፣ ምክንያቱም የለቀማው ዕቃ የመጀመሪያው ስጦታ ነው የሚሆነው። ሌሎቹ ሁለቱ ከሥራቸው አንዱን ለልብ ይስጡ። ዓሣ አጥማጁ «እኔ ሙያዬ ዓሣ ነው» ብሎ ሁለቱንም ሥራ ወንዝ ዳር ቢያውል ጥቅሉ ምን ዓሣ እንደሚፈልግ ሳይታወቅ ነው የሚያጠምደው።

ክፍሎቹ የሚገለጡበት ቅደም ተከተል ላይ ሰው ይለያያል። እኔ የማስቀድመው የዓሣ ገንዳውን ነው፣ ከዚያ ማዕድን የሚጠይቀውን የማሞቂያ ክፍሉን፣ ምክንያቱም ሁለቱም በዳይስ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ጓዳው ቀጥሎ ይምጣ፤ ሰብል ወቅት አለው፣ ወቅቱ ካለፈ አለፈ። ካዝናውን ወደ ኋላ መተው ይቻላል። በቪዲዮ ጌሙ ካዝናው 2,500፣ 5,000፣ 10,000 እና 25,000 የጨዋታውን ወርቅ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ብቻ ነው። ገንዘብ በማንኛውም መንገድ ይመጣል፤ አንድ የተወሰነ ዓሣ ግን አይመጣም።

የጆጃን ካርቶን በተመለከተ፦ ብዙ ቡድን «ቦታው አሁን አያስፈልገንም» እያለ ያከማቸዋል። ሁለት ሦስት ሲሆን የቦርዱ መተላለፊያ ይጠባል፤ ያኔ ካርቶኑን ለማስነሳት ገንዘቡ ለዘር ወይም ለመሣሪያ ማሻሻያ በሚፈለግበት ሰዓት ይወጣል።


ጋሽ_ታቦር

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ የምጨምረው ስለ አለቃው ነው። በትብብር ጨዋታ ሁሉ አንድ ሕጉን የለመደ ሰው ይነሳና «አንተ እዚህ ሂድ፣ አንቺ ይህን ስጪ» ይላል፤ ሌሎቹ ጠጠር አንቀሳቃሽ ሆነው ይቀራሉ። ይህኛው ጨዋታ ሁሉም ነገር ገሃድ ስለሆነ ለዚህ በሽታ ይመቻል፤ በእጅ የተደበቀ ካርድ የለም።

መድኃኒቱ ሙያው ውስጥ አለ። አራቱ ሙያዎች ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ማዕድን ቆፋሪና ለቃሚ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ መሣሪያ አለው። ምክክሩ ላይ በየሙያው የመጨረሻው ቃል የባለሙያው ይሁን። ስለ ዓሣ ማንም ሐሳብ ይስጥ፤ የሚወስነው ግን አጥማጁ ነው። ሁለተኛ፣ በስልክ ሦስት ደቂቃ ቆጥሩ። ሰዓቱ ሲጮህ ምክክሩ ያበቃል። አራት ሰው ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን አምስት የሚያደርገው ዳይሱ አይደለም፣ ምክክሩ ነው።

ለብቻ የሚጫወት ሰውስ? ሕጉ ይፈቅዳል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ለብቻ ሲሆን ለስድስት ክፍል ሥራው ይበቃል?


ቁጥር_ሰው

ጋሼ፣ ለብቻ በተራ ሁለት ሥራ ብቻ ስለሚኖርዎት ቅድሚያ የሚሰጡት ነገር መለየት አለበት። ለብቻና ለሁለት ሲጫወቱ የመጀመሪያው ገንዘብ መሣሪያ ማሻሻል ላይ ይዋል። የተሻለ መሣሪያ ያንኑ አንድ ሥራ የበለጠ ያስገኛል፤ የሥራው ቁጥር ባነሰ መጠን ማሻሻያው ይበልጥ ይከፍላል። በአራት ሰው ግን ቀድሞ ልብ ይሻላል፤ ስምንት ሥራ ያለው ቡድን የሚጎድለው ጉልበት ሳይሆን አቅጣጫ ነው። ለመገናኘትም አይቸገሩም፤ ዕቃው ሁሉ እርስዎ ጋር ነው። አራት ሰዎች ግን አንድ ጥቅል ለመሙላት ሲሯሯጡ ሁለት ተራ ያልቃል። ሰሌዳ_ሐዋሳ ለሁለት ሰው 8 የሰጠው ለዚህ ይመስለኛል።


ሰሌዳ_ሐዋሳ

ለዚያ ነው፣ ደግሞም ለጠረጴዛው።


አዲስ_ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማያነቡ አሉ። ካርዱ ላይ ጽሑፉ ብዙ ነው? ልጆችና እናቴ ሊጫወቱት ይችላሉ?


ማለዳ

ይችላሉ፣ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። ቦርዱና የወቅት ካርዶቹ በምልክት ስለሚናገሩ አይከብዱም። ጽሑፍ ያለው መሣሪያው፣ ማሻሻያው፣ የአያት ግቦቹና ልዩ ዕቃዎቹ ላይ ነው። ሁሉንም ካርድ መተርጎም አድካሚ ነው፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው አንድ የኤ4 ወረቀት ለእያንዳንዱ ሰው ነው፦ በፊት ገጹ የተራው ቅደም ተከተልና የምልክቶቹ ትርጉም፣ በጀርባው በየቦታው ምን መሥራት እንደሚቻል። የአያት ግቦቹን በዚያው ጨዋታ የወጡትን አራቱን ብቻ በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ ጠረጴዛው መሃል አኑሩ። የመሣሪያ ካርዱን ሕግ የማያነብ ሰው ሲይዘው ጎን ያለው ያንብብለት፤ ምንም የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ጨዋታው አይበላሽም።

ልጆችን በተመለከተ 13 ማለቱ ለጥንቃቄ ነው እንጂ ነገሩ ለዘብ ያለ ነው። የሚከብዳቸው ርዝመቱ ነው። ግማሽ ዓመት ብቻ አጫውቷቸው፦ ሁለት ወቅት፣ ሦስት ክፍል፣ ሁለት ግብ።

ሌላ ምክር፦ ሐይቅ ዳር አትዘርጉት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ቀጫጭን ካርቶኑን ይዞ ይሄዳል። አንድ የዓሣ ካርቶን የጎደለው ከረጢት ደግሞ ማንም ሳያውቅ ዕድሉን ያዛባል።


ካርቶንና_ኮላ

የጎደለ ካርቶን ስለመተካት ማለዳ እህቴ ካነሳችው ልቀጥል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው።

ከከረጢት የሚወጣ ነገር ሲተካ ዋናው ሥዕሉ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። እጅ በጨለማ ይለየዋል። ከስኒከር ጫማ ሳጥን የሚቆረጠው ካርቶን ብዙውን ጊዜ ይሳሳል፤ ሁለት ድርብ በኮላ አጣብቁ፣ ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ኮላው ሳይደርቅ ከተቆረጠ ጠርዙ ይላጣል። ሥዕሉን ስቲከር ወረቀት ላይ አሳትማችሁ ከመቁረጥ በፊት ለጥፉ፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚለጠፍ ስቲከር ጠርዙ ላይ ይተርፋል፣ ከረጢት ውስጥ ሲታሽ ይነሳል።

ካርድ ከሆነ ደግሞ መለኪያው ይህ ነው። መደበኛው የካርታ መጠን 63 በ88 ሚ.ሜ ነው። አንድ ኤ4 ላይ ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ ይገባል፣ ጠርዝም ይተርፋል። 250 ግራም ወረቀት ጠይቁ። ተራው የፎቶ ኮፒ 80 ግራም ጀርባው ያሳያል፤ ካርዱ ሳይገለጥ ይነበባል። ሁለት ፊት ስታሳትሙ ማሽኑ ወረቀቱን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ጀርባው ላይ ክፈፍ አትሥሩ። ክፈፉ አንድ ጎን ሰፍቶ አንድ ጎን ጠብቦ ሲወጣ እያንዳንዱ ካርድ በጀርባው ይታወቃል። ጀርባውን አንድ ቀለም ብቻ አድርጉት።

ላሚኔት ማድረግ የሚያምር ይመስላል፣ ለመበወዝ ግን አይሆንም፤ ይንሸራተታል፣ ጥጉም እጅ ይቧጥጣል። ለመርጃ ወረቀቱ ላሚኔሽን፣ ለካርዱ ያለ ላሚኔሽን። የግድ መጠበቅ ካለበት ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሮጌ ካርታ ከኋላ አድርጋችሁ ክተቱት፤ ጥንካሬውን ካርታው ይሰጠዋል።


ጥቁር_ውሃ

ካርቶንና_ኮላ ይህን ሁሉ ካወቅህ የሐዋሳ ስሪት ለምን አንሠራም? የተገኘው ሳጥን ጥቂት ነው፤ ሕጉን ወስደን ምድሩን የኛ እናድርገው። ለቤት ብቻ፣ ለሽያጭ አይደለም።


እንሰት_ተካይ

ይሠራል፤ ግን ስም በመለወጥ ብቻ አይሆንም። «ፓርስኒፕ» የሚለውን የጨዋታውን ሥራሥር «ጎመን» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ በአራት ቀን የሚደርስ ሰብል ግን እዚህ ለማንም አይዋጥም። ከወቅቱ እንጀምር።

በቪዲዮ ጌሙ እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን ነው፣ አራተኛው በረዶ ስለሆነ ደጅ ላይ ሰብል አይበቅልም። ለሐዋሳ ያንን የሞተ ወቅት የሚይዘው በጋው ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ዓመቱን ከመስከረም ብትጀምሩ ተጫዋቹ ያልዘራውን ሊያጭድ ነው። ስለዚህ ከመጋቢት፦ በልግ፣ ክረምት፣ መኸር፣ በጋ። ለእያንዳንዱ አራት ካርድ፣ ጠቅላላ 16። አንድ ካርድ 23 ቀን ገደማ ይሆናል። ከዚያ የሰብሉ ጊዜ ራሱ ይወጣል፦ ቅጠሉ የሚለቀም ጎመን 2 ካርድ፣ ቦሎቄ 4፣ ድንች 5፣ በቆሎ 6። ጎመን አንዴ ከደረሰ በየካርዱ አንድ ይሰጣል፤ ሌላው አንዴ ታጭዶ ያበቃል።

ዝናቡ፦ ከበልግ አራት ካርድ ሦስቱ ላይ፣ ከክረምት አራቱም ላይ፣ ከመኸር አንዱ ላይ፣ በጋ ላይ ምንም። ጠቅላላ 8። በቆሎ ከ6 ካርዱ በ4ቱ ውሃ ካላገኘ ይደርቃል። ሰው በሥራው ከጥቁር ውሃ ወንዝ ቀድቶ ማጠጣት ይችላል፣ አንድ ሥራ ለአንድ ማሳ።

እንሰት ላይ ነው ደስ የሚለው። ለመቆረጥ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ስለሚፈልግ በአንድ ዓመት ጨዋታ ውስጥ ተዘርቶ አይታጨድም። ታዲያ ሲጀመር 3 የደረሱ እንሰቶች ቦርዱ ላይ ይኑሩ። መቁረጥ በማንኛውም ወቅት ይቻላል፣ በበጋም፤ የእንሰት ትርጉሙም ይኸው ነው፣ ሌላው ሲደርቅ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ግን አንድ ሰው አይበቃውም፤ መፋቁ የጋራ ሥራ ስለሆነ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ቦታ ተገናኝተው አንድ አንድ ሥራ ይሰጣሉ። ከዚያ ጉድጓድ ይገባል፣ ከ2 ካርድ በኋላ 3 ቆጮ፣ 1 ቡላና 1 ቃጫ ይወጣል። ከአያት ግቦቹ አንዱ «ለተቆረጠ እንሰት ሁሉ ምትክ ይተከል» ይሁን፤ የተተከለው በዚህ ዓመት አንዳች አይሰጥም፣ ሥራ ብቻ ይበላል። ቡድኑ ያኔ ይጨቃጨቃል፣ ጥሩ ጭቅጭቅ።

ዓሣው፦ ባሕር የለንም፤ ወንዝና ሐይቅ ብቻ። የሐይቁ ከረጢት 20 ካርቶን ይያዝ፦ 12 ቆሮሶ፣ 5 አምባዛ፣ 3 ባዶ መረብ። አጥማጁ ሦስት ያወጣል፣ አንዱን ይይዛል፣ ቀሪውን ይመልሳል። ዓሣ በረዶ የለውም፤ በዚያው ካርድ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ላይ፣ ካልተሸጠ ወይም ለጥቅል ካልተሰጠ ይበላሻል። በቁራ ፈንታ አባ ኮዳ ይግባ፤ አሞራ ገደል ላይ ያልተሸጠ አንድ ዓሣ ይዞ ይበራል። ሰብሉን የሚያጠቃ ጦጣ ይሁን።


ቁጥር_ሰው

በጣም ጥሩ መሠረት ነው። ሁለት ቦታ ላይ ቁጥሩ ይስተካከል።

አንደኛ አምባዛው። ከ20 ውስጥ 5 ከሆነ፣ ሦስት ሲወጣ ቢያንስ አንድ አምባዛ የመታየቱ ዕድል 60 በመቶ ነው። ያውም ከሦስቱ መምረጥ ስለሚፈቀድ በየሁለት ሙከራው አንድ አምባዛ ከመያዝ በላይ ይሆናል፤ የተለመደ ዓሣ ሆነ። ወደ 3 አውርደው፣ የጎደሉትን ሁለቱን ባዶ መረብ አድርጋቸው። ያኔ 40 በመቶ ይሆናል። ሦስቱም ባዶ ሲወጣ ሥራው ከሰረ፤ ይህ አልፎ አልፎ ብቻ ይከሰታል።

ሁለተኛ በቆሎው፤ እዚህስ ያማረ ነገር አለ። በበልግ የመጀመሪያ ካርድ የተዘራ በቆሎ የበልጉን 3ና የክረምቱን 2 ዝናብ ያገኛል፣ 5 ሆነ፣ ያለ ሥጋት ይደርሳል። በክረምት የመጀመሪያ ካርድ የተዘራ አራቱንም ክረምት ያገኛል፣ በቃው። በክረምት ሁለተኛ ካርድ የተዘራ ግን 3 አግኝቶ የመኸሩን አንድ ዝናብ ይጠብቃል፤ ያ ካርድ ከመኸሩ የመጀመሪያ ሦስት ውስጥ የመውጣቱ ዕድል 75 በመቶ ነው፣ በስድስት ካርድ ውስጥ ነውና። ከዚያ ከዘገየ በእጅ ማጠጣት ነው። አንድ ካርድ መዘግየት ሥራ እንደሚያስከፍል ተጫዋቹ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። አትንካው።

በየወቅቱ አራቱን ካርድ ለየብቻ በውዙ እንጂ 16ቱን አንድ ላይ እንዳትበውዙ። በጋ መሃል ክረምት የሚያስገባ ቡድን አይጠፋም።


ጋሽ_ታቦር

ማዕድኑን ምን አደረጋችሁት?


እንሰት_ተካይ

ጋሼ፣ ማዕድን ጉድጓድ አላስፈለገም። በቦታው የወንዶ ገነት ጫካ ይግባ፣ የሚገኘውም ማርና ቅመማ ቅመም ይሁን። የረድፍና የዓምዱ ዳይስ እንዳለ ይቆይ፣ ጭራቁ ንብ ይሁን፦ ንብ የወጣበት ሁለተኛ ሥራውን ያጣል። መሣሪያው ጭስ ነው፤ ጭስ የያዘ ንብን በካርታው አንድ ጊዜ ያልፋል።


ማለዳ

ቦታዎቹ ስምንት ይበቃሉ። ከዚያ ሲበልጥ ሰዎች አይገናኙም፣ የእንሰቱ ሕግ ይሞታል። ጥቁር ውሃን ከእርሻው አጎራባች አድርጉት፤ አሞራ ገደልን ከእንሰቱ ጓሮ አርቁት፣ ዓሣ የያዘ ሰው መፋቅ ላይ ልሳተፍ ወይስ ዓሣዬን ልሽጥ ብሎ ይምረጥ።


ካርቶንና_ኮላ

ቁሳቁሱን ልደምር። የወቅት ካርድ 16፣ ጥቅል 12፣ ግብ 8፤ 36 ካርድ፣ አራት ኤ4። የሐይቁ ከረጢት 20 ካርቶን፣ የወንዙ 12። ቦርዱ ሁለት ኤ3 ተጣብቀው፤ መጋጠሚያውን ከኋላ በጨርቅ ፕላስተር ያዙት፣ በወረቀት ፕላስተር ከሆነ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ዳይስ ሁለት፣ ከሉዶ ይወሰድ። የውሃ ምልክት ለማድረግ ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳን ይበቃል። ለሰብል ምልክት መሥራት አያስፈልግም፤ የበቆሎ ፍሬ በቆሎ ይሁን፣ ቦሎቄ ቦሎቄ።


አዲስ_ገቢ

የበቆሎው ፍሬ አይነቅዝም?


ካርቶንና_ኮላ

ይነቅዛል፤ ከዚያም አልፎ ካርቶኑን ያበላሻል። ወይ ቆልታችሁ ቀዝቅዞ ሲደርቅ ለብቻው ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጡት፣ ወይ ጨዋታው ባለቀ ቁጥር ጣሉትና በሚቀጥለው አዲስ ውሰዱ። ቆሎው ግን ከጨዋታው በፊት እንዳይበላ 30 ፍሬ ብቻ ቁጠሩና የቀረውን አርቁት።


ጥቁር_ውሃ

የስምንቱን ቦታዎች ንድፍ እኔ እሥላለሁ። ጥቅሎቹን ማን ይጽፋል? አስራ ሁለት ናቸው፤ ከዓሣው ሦስት፣ ከእንሰቱ ሁለት በላይ እንዳይሆን።